እንደ ዳዊት የተደገመ እንግሊዝኛ

ባለፈው ሰቆጣ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የልጅ ልጄ አዲስ መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ ገለጠችው። ሽታው ወጣ፤ የሙጫና የቀለም፣ ትንሽ ጋዝ ጋዝ የሚል። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ያን ሽታ ግን አውቀዋለሁ።

«እምየ፣ ስሚኝማ» አለች። ጣቷን ከመስመሩ ላይ አድርጋ «ጎ» ብላ ጀመረች። ቀጥሎ ያለውን ስትፈልግ እኔ ሳላስበው «ዌንት፣ ጎን» አልሁ።

ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች። እናቷ ከጓዳ ብቅ አለች።

«እማየ፣ ምን አልሽ?»

«ምን አልሁ?»

«እንግሊዝኛ እኮ ነው ያልሽው!»

«ይሁናላ፤ እንግሊዝኛም ቢሆን ከአፍ ነው የሚወጣ።»

ከዚያ ወዲያ አላስቀምጥ አሉኝ። ማን አስተማረሽ፣ መቼ፣ የት። እንግዲህ እኔ ላውራ፣ ልጄ ትጻፈው ብለን ነው። ወዲያ ወዲህ ብል አትፍረዱብኝ፤ ወሬዬ እንደ ፍየል ነው፣ ቅጠል ካየ ይቆማል።

ጊዜው ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ያለፈው ነው። እኔ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አንድ ቢሆነኝ ነው፤ ማን ቆጥሮት። ቤታችን ከሰቆጣ ወጣ ብሎ ከአንድ አፋፍ ላይ ነበር። አባየ መሪጌታ ነበሩ። ከቤታችን ጀርባ ካለው ወይራ ሥር የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ሰብስበው ፊደልና ዳዊት ያስተምራሉ። እማየ አፏን የፈታችው በኽምጣኛ፣ በዋግ አገውኛ ነው፤ ስትቆጣም ስትጸልይም በኽምጣኛ ነው። እኛ እሷ በኽምጣኛ ስትጠራን በአማርኛ አቤት እንላለን። ግዕዝ ደግሞ አለ፣ ለመጽሐፍ የሚሆን። በዚህ ሁሉ ላይ ነው እንግሊዝኛ የመጣብን።

ያመጣችው እኅቴ የሺ ናት። እኔ እትየ ነበር የምላት፤ በአምስት በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ነበር፤ ከሰፈራችን ሴት ልጆች እዚያ የደረሰች የለችም። ጧት በእግሯ ሰቆጣ ትወርዳለች፣ ከሰዓት ትመለሳለች። እኔ አልተላክሁም። ከቤት አንድ ሰው መቅረት አለበት፤ ውሃ የሚቀዳ፣ ፍየል የሚመልስ። ያኔ ይህ እንደ ቁመትና እንደ መልክ ነበር፤ እሷ ረዥም ናት፣ እኔ አጭር ነኝ፤ እሷ ተማሪ ናት፣ እኔ የቤት ነኝ። ማንም ቁጭ ብሎ የመከረበት አይመስለኝም።

እንግሊዝኛ ያኔ እንደ ግዕዝ የመጽሐፍ ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። ውሃ የሚለመንበት፣ ልጅ የሚሰደብበት አይመስለኝም። ፈረንጆችም ቤታቸው ሲገቡ እንደኛ በኽምጣኛ የሚያወሩ፣ ለመጽሐፍ ብቻ እንግሊዝኛ የሚያወጡ መስሎኝ ነበር።

መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ከደሃና በኩል ሽማግሌ ሊላክ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። አያ ሞገስ የሚባሉ፣ በሬያቸውም ዘመዳቸውም የበዛ ሰው፣ ለወንድማቸው ልጅ እትየን አስበዋታል፤ ሠርጉም ለጥር ነው። እማየ ደስ ብሏታል። ክፉ ሰው ሆና አይደለም። እትየ ከሰቆጣ እስክትመለስ ድረስ መንገድ መንገድ ስታይ የምትውለው እሷ ናት። «ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ቤታቸው እህል አይጠፋም» ትላለች። እህል አይጠፋም ማለት በኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ቀን አባየ ልጆቹን አሰናብተው ከወይራው ሥር ብቻቸውን ሲቀሩ እትየ ሄዳ ከእግራቸው ወደቀች። እኔ ፍየል ይዤ ቆሜ ነበር።

«አባየ፣ ሚኒስትሪን ብቻ ልፈተን። የስምንተኛን ፈተና ሳልወስድ አይስጡኝ። ከዚያ ወዲያ እንዳሉ።»

«ተነሽ፣ ተነሽ» አሉ። «ምኑ ነው የሚከብድሽ?»

«እንግሊዝኛው።»

«ቀለሙ አይገባሽም?»

«ይገባኛል። አጥብቄ ካጠናሁ ይገባኛል።»

ጢማቸውን ዳበሱ።

«እንግዲያ ስሚኝ። ዳዊት የጀመረን ልጅ ከመኻል አላቋርጥም። ሽማግሎቹ የመጡ ቀን ፊታቸው ቁመሽ እንግሊዝኛሽን በቃልሽ ትወጭዋለሽ። ከዘለቅሽው ዓመቱን ትጨርሻለሽ፤ ሠርግ የለም። ካልዘለቅሽው ግን ያልያዘሽ ነገር ነው፣ ልጄ፤ እሰጥሻለሁ።»

«እርስዎ እንግሊዝኛ ያውቃሉ እንዴ አባየ?»

«አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ሲናገር ግን አውቀዋለሁ። ያላወቀ ይንተባተባል።»

ነገሩ እንዲህ ሆነ። የአባየ ትምህርት የሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፦ በቃል ያልተያዘ ነገር እንዳልተማሩት ይቆጠራል። መጽሐፉ ደግሞ ለአራት ተማሪ አንድ ነበር። የእትየ ተራ ሲደርስ በነጠላዋ ጠቅልላ ታመጣዋለች፤ እኔ መጀመሪያ አሸተዋለሁ፣ ከዚያ እንወጣለን።

የምንወጣው ገብስ ጥበቃ ነው። በዚያ ወራት ገብሱ ዘለላውን አውጥቶ ገና አረንጓዴ ነው፤ ወፉም ዝንጀሮውም የሚወደው ያኔ ነው። ማማው ላይ እሷ መጽሐፉን ይዛ ትቆማለች፤ እኔ ወንጭፍ ይዤ ከሥሯ እቀመጣለሁ። ዝንጀሮ ተንኮለኛ ነው። ሴት መሆናችንን ያውቃል፤ ድንጋይ ስንወረውር እንኳ ዘወር ብሎ አይቶን፣ ቆም ብሎ ታክኮ ነው የሚሄደው። አባየ ሲመጡ ግን ገና ከሩቅ ጥምጣማቸውን አይቶ ይፈረጥጣል። እሱን ልተወውና፤ እትየ ከላይ ሆና ትጀምራለች።

«ጎ፣ ዌንት፣ ጎን። ሲ፣ ሶው፣ ሲን። ኢት፣ ኤት፣ ኢትን።»

ስትናገር እንደ ወሬ አይደለም። አባየ «ቃል ያለ ዜማ አይያዝም» ስላሏት በዳዊት ንባብ ታዜመዋለች፤ መጨረሻውን ሳብ አድርጋ፣ ዝቅ አድርጋ። እኔን ደግሞ እንደ ቤተ ክህነት ተማሪ ሰሚ አደረገችኝ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጽሐፉ ታሰማኛለች፣ ቀጥሎ መጽሐፉን ዘግታ በቃሏ ትወጣዋለች፤ አንድ ቃል ከዘለለች እኔ «ግድፈት!» ብዬ እጮሃለሁ። ፊደል የማላውቅ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ማረም! እንዴት ይጥመኝ ነበር። አንዳንዴ ሳትሳሳትም ግድፈት እላለሁ፣ ዝንጀሮው ይደንግጥ ብዬ።

አባየም አመሻሹ ላይ እየመጡ ያዳምጡ ነበር። ከሁሉ የሚገርማቸው ጆን የሚባለው ሰው ነው።

«ይህ ጆን አሁን ምን አደረገ?»

«ገበያ ሄደ።»

«ትናንትም ገበያ ነበር።»

«ትናንት ይሄዳል ነው፣ ዛሬ ሄደ ነው፣ ነገ ደግሞ ሊሄድ ነው፣ አባየ። የግሡን ጊዜ ለማስተማር ነው።»

«ሥራ የለውም?» ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ግን እንዲህ እያሉም ውስጡ የተሰወረ ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ገበያው የዚህ ዓለም ምሳሌ ይሆናል ብለው ለእማየ ሲያወጉ ሰምቻለሁ።

ከመጽሐፍ ቃል አይዘለልም ስላሉም እትየ ሁሉን ያዘች። «ፊል ኢን ዘ ብላንክ ስፔስ» የሚል በየቦታው ይመጣል፤ ባዶውን ሙሉ ማለት ነው። እሱንም ታዜመዋለች። «ፔጅ» ብላ የገጹን ቁጥር ሳይቀር ታዜመዋለች። እኔ ፔጅ የመልአክ ስም መስሎኝ ነበር፤ የሆነ ነገር ባለቀ ቁጥር ይጠራል።

አንድ ቀን ከሰቆጣ ዓይኗ አብጦ መጣች። ማማው ላይም አልወጣች፤ ከሥሩ ተቀመጠች።

«ማን መታሽ?»

«ማንም አልመታኝ። ቲቸር ‹የሲ ኃላፊ ጊዜው ምንድን ነው› አለኝ። ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ አይመጣልኝም፤ ከጎ ጀመርሁ፣ በዜማው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ‹ሃሌ ሉያ!› አለ።»

«ቲቸርስ ሳቀ?»

«አልሳቀም። እሱ ነው የባሰብኝ። ‹ቃሉ አለሽ፤ አሁን ከራስሽ አንድ ዓረፍተ ነገር አውጭ፣ ከመጽሐፉ ያልሆነ› አለኝ። ቆምሁ ቆምሁ፣ ምንም አልወጣኝም።»

እኔ ምኑ እንዳስለቀሳት አልገባኝም። ከመጽሐፉ ያልሆነ ቃል ለምን ያስፈልጋል? ዳዊትስ ቢሆን ማን ከራሱ ይጨምርበታል?

ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ስለ አነጋገር ጌጥ ነበር። ይህን ስታስረዳኝ እጇን እያወናጨፈች ነው። «ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ‹እንደ› አለበት፤ እንደ አንበሳ ጀግና፣ እንደ ንብ ታታሪ። ሁለተኛው ‹እንደ›ን አውጥተሽ ትጥያለሽ፤ እሱ አንበሳ ነው፣ እሷ ንብ ናት።»

«እና አንበሳ ይሆናል?»

«አይሆንም፣ ሞኝ። ይባላል እንጂ።»

እኔ ግን ፈራሁት። ‹እንደ› ሲኖር ነገሩ በገመድ የታሰረ መሰለኝ፤ ገመዱ ከተፈታ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል? «እስቲ በይ፣ እኅቴ ወፍ ናት በይ» አለችኝ። እምቢ አልሁ። እንደ ወፍ ናት አልሁ። ጎተተችኝ፣ ኮረኮረችኝ፤ እንደ ወፍ አልሁ እንጂ አልፈታኋትም።

ጥቅምት ላይ ሽማግሎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አያ ሞገስ፣ አንድ ጎልማሳ፣ አንድ በጣም ያረጁ በዘንግ የሚሄዱ ሰው። እማየ ጠላውን አጥልላ፣ ቤቱን አሰናድታለች። ሰዎቹ እንደ ወጉ ከበር ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ፤ ዘመድ ልንሆን መጣን አሉ። አባየ አስቀመጧቸው።

«ነገራችሁን ሰማሁ። እኔም አንድ ቃል አለብኝ። ልጅቱ ትምህርት ላይ ናት። ተምራ እንደሆነ በፊታችሁ ትወጣዋለች፤ ከዘለቀችው ዓመቱን ላስጨርሳት ነው። ካልዘለቀችው የናንተ ናት። ስሙና ፍረዱ።»

«መሪጌታ፣ እኛ የመጣነው ለጋብቻ ነው፤ ማኅሌት ልንቆም ነው እንዴ?» አሉ አያ ሞገስ፤ ተሳሳቁ።

እትየ ነጠላዋን አጣፍታ ከምሰሶው ጎን ቆመች። እኔ የእጅ ውሃ ዕቃውን ይዤ ከጓዳው በር ላይ ነበርሁ። ጀመረች። ከጎ ተነሥታ ሲን አለፈች፣ ጆንን ገበያ ወስዳ መለሰችው፣ ባዶውን ሙሉ አለች፣ ፔጅን ጠራች። ከንፈሬ አብሯት ይሄድ ነበር። ግድፈት የለም፤ አንዲት ግድፈት እንኳ! ሽማግሎቹ መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር፤ እየቆዩ አንገታቸውን ደፉ። ስትጨርስ አሮጌው ሰውየ «አሜን» አሉ።

አባየ ፊታቸው በርቶ ወደ ሰዎቹ ዞሩ። አያ ሞገስ ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም።

«ንባቡስ ደግ ነው። ትርጓሜውሳ?»

ይህ የራሳቸው የአባየ ጥያቄ ነው፤ ከንባብ ቀጥሎ ትርጓሜ ይጠየቃል። እምቢ ሊሉ አልቻሉም። «ንገሪያቸው» አሏት።

እትየ ተረጎመች። «ጆን ወደ ገበያ ሄደ። ሜሪ ውሃ ጠጣች። ውሻው ከጠረጴዛው ሥር ነው።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ውሻው?» አሉ አያ ሞገስ።

«አዎ።»

«ከጠረጴዛው ሥር?»

«አዎ፣ አያ።»

«እና ይህን ለማወቅ ነው ዓመቱን ሙሉ ሰቆጣ የምትመላለሽው? የኛን ቤት ውሻ አምጥተን ብናሳይሽስ!»

ሳቅ ሆነ። እማየ እንኳ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። አባየ ግን አልሳቁም። ያን ሁሉ ምሽት ከማማው ሥር ተቀምጠው ሲያደምጡ የተሰወረውን ሲጠብቁ ነበር። «ይኸ ብቻ ነው?» አሏት ቀስ ብለው። እሷ መሬት መሬት አየች። እኔ አበቃ አልሁ፤ የሙሽራ በቅሎ ከደጃችን ቆማ ታየችኝ።

ኋላ እትየ ቀና አለች። አላዜመችም። ጎረቤት እንደሚያናግሩ አድርጋ፣ «አይ አም ግሪን ባርሊ» አለች።

ደነገጥሁ። ይህ ከመጽሐፉ የለም። መጽሐፉን ዳር እስከ ዳር ሰምቼዋለሁ፤ ባርሊ የሚል ቃል የትም አልሰማሁበትም። ግድፈት ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

«ምን አልሽ?» አሉ አባየ።

«እኔ እሸት ገብስ ነኝ ነው ያልሁ።»

«እንደ እሸት ገብስ ነኝ?»

«‹እንደ› የለበትም፣ አባየ። ነኝ ነው።»

አያ ሞገስ ጭናቸውን መቱ። «እሸትማ ተጠብሶ፣ ታሽቶ ይበላል! ከእሸት የሚጥም አለ እንዴ?»

«ይበላል፣ አያ» አለች። «ለልጅ እፍኝ ይቆረጥለታል። ማሳውን ሙሉ በእሸቱ የሚያጭድ ግን ማን ነው?»

ማንም አልሳቀም። በኛ አገር ማሳውን በእሸቱ የሚያጭድ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ክፉ ቀን የገባበት ቤት ነው። ልጅ ሲያለቅስ መስማት ያልቻለ፣ ለዘር የሚተርፈውን እያወቀ የሚበላ። እኔ ያኔ ይህን አላውቅም፤ ሰዎቹ ሁሉ ለምን እንደደነገጡ ግራ ገብቶኝ ፊት ፊታቸውን አይ ነበር።

አሮጌው ሰውየ ዘንጋቸውን በጉልበታቸው መኻል አድርገው፣ «እኛ አጭደናል» አሉ። ማንንም አላዩም። «አጭደናል። ለመጭው ዓመት የምንዘራው አጣን። በሕይወት የቀረነው ጥቂት ነን።»

እማየ በኽምጣኛ አንድ ነገር አለች፤ ለራሷ ነው፣ በዚያ ክፉ ቀን የሞቱባትን ልጆች ስም ይመስለኛል።

«ሰዎች» አሉ አባየ በመጨረሻ፣ «ዛሬ ክፉ ቀን የለብንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሳይርበኝ አላጭዳትም። ዓመቷን ትጨርስ።»

አያ ሞገስ ጎልማሳውን አዩት፤ አሮጌውን አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ተረታን፣ መሪጌታ። ለውሻው ቢሆን አንረታም ነበር።»

ቂም አልነበረም። የደሃና መንገድ ሩቅ ነው፤ እህል ሳይቀምሱ እንዳይሄዱ አባየ ለመኗቸው፣ ተቀመጡ። እትየ ከምሰሶው አልተላቀቀችም። ግንባሯን ከእንጨቱ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች፤ ጥርሷ ግን ይታያል፣ እየሳቀች ነው።

እኔ የእጅ ውሃ ይዤ ዞርሁ። አያ ሞገስ ዘንድ ስደርስ እጃቸውን ዘርግተው ቀና ብለው አዩኝ።

«ይችስ? ይችም እንደ እኅቷ ፈረንጅ ናት?»

አባየ ሳቁ። ከጧት ጀምሮ የተሸከሙት ሁሉ ወርዶላቸው ነበር። «ኧረ ይች እንኳ አልተማረችም። የቤት ልጅ ናት።»

«እንዲያ ነው?» አሉ። እጃቸውን ማሸት ትተው ከራሴ እስከ እግሬ አዩኝ። «ስንት ዓመቷ ነው?»

እትየ ዓይኗን ገለጠች። ፊቷ ላይ ሳቁ ጠፋ።

እኔ ግን ደስ አለኝ። እንግዳ መጥቶ ስለኔ ሲጠይቅ ያ የመጀመሪያው ነበር። እጃቸው ጠርቶ ሳለ ጨምሬ አፈሰስሁላቸው።